የገረሴ ዳገት ጭቃ

ታምሩ በሚነዳው መኪና በተሳፈረች ቁጥር ጽጌረዳን ያቅለሸልሻታል። መኪና የሚያማት ሴት ሆና አይደለም። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ በሚጭን የወንድሟ አይሱዙ ላይ መሪ መያዝ የተማረች፣ አሁን ደግሞ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የጤና ድርጅት ከታምሩ ጋር በሹፌርነት የምትሠራ ናት። የሚያቅለሸልሻት የሰውዬው ነገር ነው። ጫቱን አመንዥኮ በመስኮት ሲተፋው አረንጓዴው ለሃጭ በሩ ላይ ይዝረከረካል፤ ሲደርቅ የምትፈገፍገው ደግሞ እሷ ናት።

ከሁሉ በላይ የሚያንገሸግሻት ግን አነዳዱ ነው።

በሚያዝያ ዝናብ የእሷ መኪና ጋራዥ ገብቶ ነበርና፣ ክትባት ይዘው ወደ ገረሴ ሲወጡ መሪውን የያዘው ታምሩ ሆነ። ነርሷ ኖላዊት ከፊት ተቀመጠች፤ ጽጌረዳም ለዕቃው አጋዥ ተብላ ከኋላ ከክትባቱ ሳጥን ጋር ተጣበቀች።

ገና ከከተማው ሳይወጡ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ታምሩ አራቱንም ጎማ በአንድ ላይ የሚያሽከረክረውን ፎር ዊል አስገባው። አደባባዩን ሲዞር መሪው ደነደነ፤ ጎማዎቹ አስፋልቱን እየፋቁ አቃሰቱ፤ ከሥር አንድ ነገር ቋ አለ።

«ታምሩ፣ አውጣው እንጂ!» አለችው። «መኪናው ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አይዞርም። ጭቃ ቢሆን ጎማው ይንሸራተትና ውጥረቱ ይላላል፤ እዚህ ግን እርስ በርስ ይጓተታል። የማርሹን ጥርስ ትጨርሰዋለህ!»

«መሬት ይቆነጥጥልኛል። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ መምህር!» ብሎ ሳቀና ተፋ።

አስፋልቱ አልቆ ቀዩ ጭቃ ሲጀምር ደግሞ «መሪው ከበደኝ፤ ነዳጅም ይበላል» ብሎ አወጣው።

«አሁን ነው እኮ የሚገባው! ጭቃው ሳይዝህ በፊት እንጂ ከያዘህ በኋላ ምን ይረባሃል?» አለች። አልሰማትም።

ዳገቱ ወገብ ላይ የኋላ ጎማዎቹ በባዶ መሽከርከር ጀመሩ። ታምሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር መኪናው ጉድጓዱን ራሱ እየቆፈረ ሰመጠ። ይህን ያዩ ሰዎች ከመንገዱ በላይ ካለው ጓሮ ወረዱ። የጓሮው ባለቤት ማሚቱ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ማንም ሳይጠራቸው እሳቸውም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ትከሻቸውን ለመኪናው ሰጡ።

ታምሩ እስኪዘጋጁ እንኳ አልጠበቀም፤ ረገጠው። ጭቃው ተወነጨፈ። ማሚቱ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግራቸው ቀይ ጭቃ ለበሱ፤ አፋቸው ውስጥ ሳይቀር ገባ። ታምሩ በመስተዋቱ አያቸውና መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት ገጀራ ይዞ ወረደ። ሳይጠይቅ፣ ጎማ ሥር ሊጎዘጉዝ፣ የማሚቱን እንሰት ይጨፈጭፍ ጀመር። ዓመታት የተጠበቀው እንሰት ተገንድሶ ወደቀ።

ጽጌረዳ ከመኪናው ዘላ ወረደች።

«ቁልፉን ስጠኝ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«አስጠልተኸኛል! ቁልፉን!»

ኖላዊት ከፊት ወንበር እጇን ዘርግታ ቁልፉን ከመሪው ሥር ነቅላ ለጽጌረዳ ሰጠቻት።

ጽጌረዳ በመጀመሪያ ሰዎቹን ከመኪናው ኋላ አራቀች። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠርጋ ድንጋይ ጎዘጎዘች፤ ጎማዎቹንም ትንሽ አስተነፈሰቻቸው። ከዚያ ፎር ዊሉን አስገብታ፣ ሎው የሚሉትን ዝግተኛና ጉልበተኛ ማርሽ መረጠች። መሪውን ቀና አድርጋ ነዳጁን ለስለስ አድርጋ ነካችው። መኪናው አመነታ፤ ከዚያ መሬቱን ነክሶ እየተንፏቀቀ ወጣ።

ወርዳ ወደ ማሚቱ ሄደች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉን።»

ማሚቱ ጭቃውን ከአፋቸው እየተፉ «ጭቃስ ይታጠባል ልጄ» አሉ። «ያ ሰውዬ ግን ምን አይቶ ሳቀ?»

ጽጌረዳ ወደ መሪው ተመለሰች።

ገረሴ ደርሰው ሕፃናቱ ተከተቡ። ስትመለስም መሪውን አልለቀቀችም። ቁልቁለቱ ላይ ታምሩ ከኋላ ሆኖ «ማርሹን አውጥተሽ ሞርቶ አድርጊውና በራሱ ይንደርደር፤ ነዳጅ ትቆጥቢያለሽ» ሲላት ዞር ብላም አላየችው። ማርሹን ሳታወጣ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘላት፣ ፍሬኑን ሳታቃጥል ወረደች። አስፋልት ስትነካ ፎር ዊሉን አወጣች፤ ጎሚስታ ቤት ቆማም ጎማዎቹን አስነፋች።

ቢሮ ሲደርሱ ታምሩ ቀድሞ ገባ። «ጭቃ ይዞን ነበር፤ በመከራ አወጣሁት!» ሲል ሰማችው። አለቃቸው ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ጽጌረዳ የሆነውን ሁሉ፣ የማሚቱንም፣ የእንሰቱንም፣ አንድ በአንድ ተናገረች። አለቃው ስልኩን እያየ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ፤ ተቻችላችሁ ሥሩ» አላቸው። ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ታምሩ በሚነዳው መኪና እግሯን እንደማታስገባ ተናገረች። ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ፍንክች አላለችም። በመጨረሻ የገረሴን መንገድ ለእሷ ተዉላት። ታምሩ ከተማ ውስጥ አለቃውን ያመላልሳል፤ አሁንም ፎር ዊሉን አስገብቶ አስፋልት ላይ ይንጎማለላል።

መንገዱ የእሷ ከሆነ በኋላ መጀመሪያ በወጣችበት ቀን ለማሚቱ የእንሰት ችግኝ ወሰደችላቸው፤ አብራቸውም ተከለች። ማሚቱ መረቋት። መንደርተኛው ግን፣ ማንም ይንዳው፣ የድርጅቱን መኪና ሲያይ ያን የጭቃ ቀን አስታውሶ ልጆቹን በእጁ እየሳበ ከመንገዱ ይርቃል። ጽጌረዳም በእግር ጉዞ ፍጥነት ቀስ ብላ ታልፋለች፤ የሚጠጋት ሰው የለም።