ሦስት ግድግዳ ያለው ቤት

ቤት ገማች ማለት ሰው ዕድሜውን የፈጀበት ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ሳይቀመጥ፣ የቀረበለትን ውሃ ሳይነካ፣ ያ ሁሉ ዕድሜ ስንት እንደሚያወጣ ተናግሮ የሚወጣ ሰው ነው። ተናግሮም አያፍርም፤ ማፈር በደመወዙ ውስጥ አልተካተተም። የዚህ ታሪክ ባለቤት በማዘጋጃ ቤቱ የግምት ክፍል ሲቀጠር ጠጉሩ ከማበጠሪያ ጋር ይጣላ ነበር። ዛሬ ማበጠሪያው ሥራ ፈቷል፤ እሱ ግን አሁንም እዚያው ነው። መሥሪያ ቤቱ «አንኳኪው» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋይዋና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ስትናደድ ትረሳዋለች።

የቅጽል ስሙ ምክንያት አንዲት ቁልፍ ናት፤ የገዛ ቤቱ የብረት በር ቁልፍ፣ ረጅም፣ ከባድ፣ ጥርሷ የተበላ። ሊገምት የሄደበት ቤት ሲገባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ቁልፏን ከኪሱ መዝዞ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል። ድንጋይ ከሆነ ድምፁ ይደርቃል። ብሎኬት ከሆነ ያስተጋባል። በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ድም ብሎ ይቀራል።

«ጭቃ» ይላል።

«ኧረ ጋሼ፣ ብሎኬት ነው፤ እኔው ነኝ ያሠራሁት።»

«እኔ ምን አልኩ? እሱ ነው የተናገረው» ይልና ወደ ግድግዳው ይጠቁማል።

እሱን ማታለል ዘበት ነው። ከእግሩ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካየ ውሃ እንደሚመጥ ያውቃል። የቤት ዕቃ በግምት ውስጥ እንደማይገባ ቢለፈፍም ሰው አይሰማም፤ ገማች ሊመጣ ነው ሲባል ዕቃ ይዋዋሳል። አንድ ቀን በአንድ ቅያስ ውስጥ ሦስት ቤት ሲገምት ያው ቀይ ሶፋ በየቤቱ ቀድሞት ገብቶ ጠበቀው። በሦስተኛው ቤት ሶፋውን «እንደምን ዋልክ» ብሎት አለፈ።

በሙያው ስሙን የተከለው ግን በቁልፏ አይደለም፣ በአንድ ንግግር ነው። ገና ወጣት ሳለ ከተማዋ መንገድ ላስፋ ብላ ሰፈር ለሰፈር ማፍረስ ጀመረች። ለሚነሣው ሰው በክፍሉ ብዛት ልክ ምትክ ቤት ይሰጠው ተባለ። ጣጣው መጣ። ሕዝቡ አንዱ የአንዱን ግድግዳ ተደግፎ ክፍል ላይ ክፍል እየቀጠለ ስለኖረ፣ የቱ ቤት የቱ ጭማሪ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ለመሆኑ ቤት ማለት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ከተወለዱ ጀምሮ ቤት ውስጥ የኖሩ ሰዎች ሁሉ ጫማ ጫማቸውን አዩ። አንኳኪው ብድግ አለ።

«ቤት የራሱ አራት ግድግዳ ያለው ነው። የሌላ ሰው ግድግዳ ተደግፎ የተሠራ ክፍል ግን ቤት አይባልም፤ የተደገፈበት ቤት አካል ነው። የሚኖርበትም ሰው የባለቤቱ ጥገኛ ነው።»

«ጥገኛ አይደለሁም፣ የራሴ ነው የሚል ቢመጣስ?»

«እንግዲያው ለማንም አይቆጠርም።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን በደስታ መታ። ንግግሩ ደንብ ሆነ። አንኳኪውም እድገት ተሰጠው፤ እድገቱ መስኮት አጠገብ ያለች ወንበር ናት። እስከ ዛሬ ያቺው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ መስኮቱም እስከ ዛሬ አይከፈትም።

በዚያ ደንብ ስንት ሰው ሜዳ ላይ እንደቀረ አንኳኪው አያስታውስም። አንድ ልብስ ሰፊን ብቻ አይረሳውም። ሰውየው የጎረቤቱን ግድግዳ ተደግፎ በሠራት ክፍል ውስጥ ከስፌት መኪናው ጋር ልጆቹን አሳድጎባታል። ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ ስለነበር የእሱ ጥገኛ ነኝ ማለት ሞቱ ሆነበትና «የራሴ ናት» አለ። ክፍሏ ለማንም ሳትቆጠር ቀረች። አልጮኸም። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነው የነበርኩት?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ጎረቤትህ ቤት» አለውና አንኳኪው ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ቢሮ ገብቶ መልሱን ሲያወራ ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መልስ ማለት እሱ ነው፤ በተለይ ጥያቄው የሌላ ሰው ሲሆን።

እሱ ራሱ የት ነው የሚኖረው? የእህቱን ግድግዳ ተደግፎ።

ቤት ገማች ቤት መግዛት አይሆንለትም። ወጣት ሳለ ቦታ ልግዛ ብሎ ያየው ሁሉ ከልኩ በላይ ተጠርቶበታል። «ይኼ ይህን አያወጣም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አያወጣም። በዓመቱ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ያኔም አያወጣም። እንዲህ ሁልጊዜ ትክክል እንደሆነ ከተማው ተሸጦ አለቀ። ሊያገባ ሲል ታላቅ እህቱ፣ ባሏ የሞተባት ጡረተኛ ነርስ፣ «ለጊዜው ከኔ ግድግዳ ላይ አንዲት ክፍል ቀጥል» አለችው። ሦስት ግድግዳ አቆመ፤ አራተኛው የእሷ ሆነ። በሩን ግን ወደ እሷ ግቢ አላዞረውም። በብረት አሠርቶ ወደ ጎዳናው አወጣው፣ የራሴ በር አለኝ ለማለት። ያቺ «ለጊዜው» ልጅ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ተድራ ነበር።

ሚስቱንም ያገባት «የራሴ ቤት አለኝ» ብሎ ነው። እሷም አምናው ለዘመዶቿ በኩራት አውርታለች። ግድግዳው ማዶ ያለችው እህትየው ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። እሱ ፎቶግራፍ ሊሰቅል አንዲት ምስማር ሲመታ ድምጿ ግድግዳውን ዘልቆ ይመጣል።

«አንተ፣ ግድግዳዬን ምን አርግ ነው የምትለው?»

«ከኔ በኩል ነው እኮ፣ እትዬ።»

«በአንተ በኩል የሚባል ነገር አለው እንዴ? ግድግዳው አንድ፣ ባለቤቱ አንድ።»

«ሰው በገዛ ቤቱ ምስማር መምታት አይችልም?»

«ቤት ሲኖርህ ምታ።»

ሚስቱ ከንፈሯን ትነክሳለች። እሱ ምስማሩን ኪሱ ይከታል። ግድግዳው በዚህ ዓይነት ሰላም ሲሸከማቸው ኖረ።

ዘንድሮ የመንገዱ ካርታ ሰፈራቸው ላይ ወጣ። ካርታውን ቀድሞ ያየው አንኳኪው ነው፣ ጠረጴዛው ላይ መጣለት። ቀይዋ መስመር በእህቱ ሳሎን መሐል ገብታ በእሱ አልጋ ላይ ትወጣለች። ተነሥቶ ወደ አሁኑ ኃላፊ ገባ፤ ወንበሩ እንደሚሽከረከር ትናንት የተነገረው ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ወደሚውለው ሰው።

«ጌታዬ፣ የተደገፉ ክፍሎች ደንብ አርጅቷል። ቢሻሻል አይከፋም።»

«የገዛ ደንብህ?»

«ሰው ይጎዳበታል።»

«ይኼ ዛሬ ነው የታየህ?» ኃላፊው ወንበሩን ወዲያና ወዲህ አዞረው። «ቆይ፣ ቤትህ የት ነው ያልከኝ?»

አንኳኪው ነገረው። ወንበሩ ቆመ። ኃላፊው ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በመዳፉ ያዘ።

«አየህ፣ አንተን ብዬ ደንብ ብነካ ነገ ሰፈሩ በሙሉ ቢሮዬ ነው የሚያድረው። ደግሞም ደንቡ ግሩም ነው፤ አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። የሠራኸውን ጥሩ ሥራ በእጅህ አታበላሸው።»

መልቀቂያ ወርውሮለት መውጣት አሰኘው። ነገር ግን ጡረታው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቤት የሌለው፣ ጡረታም የሌለው ገማች ደግሞ ከተሰነጠቀ ብሎኬት አይሻልም። «እሺ፣ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ክፍል የወጣው በዚህ ቃል ነው።

የራስንና የዘመድን ቤት መገመት ክልክል ስለሆነ የተላከችው አንዲት ባልደረባው ናት። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ቁልፍ ግን አትይዝም፤ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አላት። በጠዋት መጣች። ሚስቱ ወለሉን ሁለቴ አጥባ አዲስ መጋረጃ ሰቅላ ነበር። መጋረጃ እንደማይገመት ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ሲነግራት ኖሯል፤ እሷም ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ አልሰማችውም።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» አለች ገማቿ፣ ዓይኑን ላለማየት ጣሪያውን እያየች።

በመጀመሪያ የእህትየውን ቤት ለካች። ሦስት ክፍል ሆነ። ቀጥሎ በብረቱ በር ወደ እሱ ገባችና ከግድግዳ ግድግዳ ብርሃኗን አበራች። አንኳኪው በስተኋላዋ ይከተላታል።

«ኮርኒሱን አይተሽዋል? አምና ነው የተቀየረው።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ወለሉም እኮ ሊሾ ነው። ጥሩ ሊሾ ነው።»

«አይቻለሁ።»

ይህን ልመና ያውቀዋል፤ በሺህ ቤት ውስጥ ከኋላው ሲከተለው ኖሯል። ከራሱ ጉሮሮ ሲወጣ ግን ገና መስማቱ ነው።

ገማቿ መሣሪያዋን አጠፋች። «ጋሼ፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ይህ ክፍል የማን ነው?»

ሚስቱ መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

ገማቿ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያውቁታል። የራሴ ካሉ አይቆጠርም፤ እርስዎም ምትክ የለዎትም። የእህቴ ነው ካሉ ለእሳቸው ባለ አራት ክፍል ይሰጣቸዋል፣ በአንዱ እርስዎ ይኖራሉ። እባክዎ የራሴ አይበሉ።»

አንኳኪው ምን እንደሚያደርግ ስለጠፋው እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ገብቶ ቁልፏን አወጣ፤ ወደ አራተኛው ግድግዳ ሄዶ ኳ ኳ አደረገ። ድም ብሎ ቀረ። ጭቃ ነው። እህቱ ድንጋይ ነው እያለች ስትኮራበት የኖረችው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ እሱም እያወቀ ዝም ብሎ ተደግፎት ኖሯል።

«አታንኳኳ» አለ የእህትየው ድምፅ ከማዶ። «እሰማለሁ። መልስህን እየጠበቅኩ ነው።»

ልብስ ሰፊው ታየው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። ያ ሰው ቢያንስ «የራሴ ናት» ብሎ ነው ሜዳ የወጣው። አንኳኪው ግን ሜዳውን ገምቶታል፤ ዋጋውን ያውቃል።

«የእህቴ ነው» አለ።

«እርስዎስ?»

«ጥገኛዋ።»

ቃሉ በዚያ ስብሰባ ላይ እንደወጣው ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ገማቿ ጻፈች። ከዚያ ሚስቱ ዞራ አየችው።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የማንን ቤት ነው ስጠርግ የኖርኩት?»

እሱ የዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ቢሮ ያሳቀበት መልስ ነው። የመለሰችው ግን ከማዶ ያለችው ናት።

«የኔን ነዋ። እግዜር ይስጥሽ፣ አሳምረሽ ነው የጠረግሽልኝ።»

ሚስቱ ወንበር ላይ ወጥታ አዲሱን መጋረጃ አወረደች። አጣጠፈችውና ብብቷ ሥር ይዛ በብረቱ በር ወጥታ፣ ዞራ በግቢው በኩል ወደ እህትየው ቤት ገባች። የቤቱን ባለቤት ከግድግዳ ማዶ ከምትሰማት ፊት ለፊት ልትሰማት ፈልጋ ይሆናል።

አሁን ሦስቱም ለምትክ በተሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ አራት ክፍል፣ አንድ በር። መጋረጃው የእህትየው ሳሎን ላይ ተሰቅሏል። ሴቶቹ ተስማምተዋል፤ እሱን በማማት መስማማት ቀላል ነው። ሚስቱ በፈለገችው ግድግዳ ላይ ምስማር ትመታለች፣ ማንም አይናገራትም። እሱ ግን አስፈቅዶ ነው። በገባ በሳምንቱ ከልማዱ የተነሣ ሕንፃውን ሲያንኳኳ አንድ ነገር ገባው። እዚያ ያለው ግድግዳ ሁሉ የሁለት ሰው ነው፤ ሁሉም ሁሉን ተደግፏል። በእሱ ደንብ ከሄድን ያ ሕንፃ በሙሉ አንድም ቤት የለበትም። ይህን ለኃላፊው ነገረው። ኃላፊው እንባው እስኪመጣ ስቆ «አደራህን፣ ሁለተኛ ስብሰባ ላይ ብድግ እንዳትል» አለው።

የበሩ ቁልፍ አንድ ነው፤ እህትየው አንገቷ ላይ አስራዋለች። ቁልፍ ሲበዛ ሌባ ይበዛል ባይ ናት። አንኳኪው ከሥራ ሲመለስ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና ያቺን አሮጌ ቁልፍ ከኪሱ ያወጣል። በሯ ፈርሶ በሸክም መኪና ሄዷል፤ ቁልፏ ምንም አትከፍትም። በእሷ የእህቱን በር ኳ ኳ ያደርጋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ማን?»

መጀመሪያ ሰሞን ስሙን ይናገር ነበር። አልተከፈተለትም። ወንድምሽ ብሏል፤ አልተከፈተለትም። አሁን የሚከፍተውን ቃል ያውቀዋል። ግራና ቀኝ ያሉትን የጎረቤት በሮች ገልመጥ ያደርግና አፉን ወደ በሩ ያስጠጋል።

«ጥገኛሽ» ይላል፣ ዝቅ አድርጎ።

«አልተሰማኝም።»