እንጥል ቆራጩ የመጡ ዕለት

ስለ ወሊድ መጀመሪያ ያስተማረኝ ሚስት የሌለው ካድሬ ነው። ቀበና፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ፣ የሴቶች ማኅበር አባል የሆነ አንድም ሰው እንዳይቀር ተብሎ፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ልጅ ያላሰበችውም፣ የልጅ ልጅ ያየችው አሮጊትም መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። ርዕሱ የእናቶችና የሕፃናት ደኅንነት ነው። እኔ መውለጃዬ ደርሷል። ካድሬው ጥቁር ሰሌዳውን በቀጭን ዱላ እየመታ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እንደሌለባት ለረጅም ሰዓት አስረዳን። ወገቤን ቆረጥ ሲያደርገኝ መጀመሪያ በአግዳሚው አሳበብኩ። ሲደጋግመኝ እጄን አወጣሁ።

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው፣ ጓዲት» አለኝ።

«ጥያቄ አይደለም።»

«አስተያየትም በመጨረሻ ነው።»

አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ፊቴን አየት አደረገችና «ምጥ ነው፣ ጓድ። እሱ እንኳ እስከ መጨረሻ አይጠብቅም» አለችው። የምጥን ደረጃዎች አንድ በአንድ ሲዘረዝር የቆየው ሰው እውነተኛውን ሲያይ ዱላውን ጥሎ ግድግዳ ተደገፈ። እኔን ሊደግፉ ከተነሡት ሴቶች ግማሾቹ ወደ እሱ መሄድ ነበረባቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ሴት ልጅ ወለድኩ። ቤቴ ስገባ ጎረቤቶቼ እልል አሉ፤ ለሴት ሦስት ጊዜ፣ ልማዱ እንደሚያዘው። ለወንድ ሰባት ነው። የሴቶችን እኩልነት በየስብሰባው የምትሰብክልን የማኅበራችን ሊቀመንበር ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እልል አለችና ሦስተኛዋ ላይ ቀጥ አለች።

ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሰው አካል የማላውቀውን እንኳ በጠመኔ ሥዬ አስተምራለሁ። አሮጌ አንሶላ ቀድጄ፣ ቀቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ለሽንት ጨርቅ አጣጥፌያለሁ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ሲባል ተሰልፌ ሳሙና ይዤ ተመልሻለሁ። ባለቤቴም የበኩሉን አድርጓል፤ የሚንቋቋውን አልጋችንን በሚስማር አጠበቀው። ስለዚያ ሚስማር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራ የሰማው ሰው ያረገዘው እሱ ነው ሊል ይችል ነበር።

አማቴ ሲመጡ የእኔ ዝግጅት ሁሉ ተሻረ። የሚኖሩት እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ገብስና ድንች እያበቀሉ ነው። የገንፎ ዱቄት፣ ማርና አንድ ትልቅ ቅል ቅቤ አህያ ላይ ጭነው በእግራቸው ወረዱ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ትራሴ ሥር አሮጌ ቢላዋ ሸጎጡ፤ አራስ ያለ ብረት አትተኛም። አልጋዬን በመጋረጃ ጋረዱት። መስኮቱን ዘጉት። ከደጅ የመጣ ሰው ፀሐዩ ሳይለቀው፣ ላቡ ሳይደርቅ ወደ እኔ እንዳይገባ አዘዙ። እውነቱን ለመናገር ይህቺን ትእዛዝ ወደድኳት፤ የቀበሌ ሰዎች ለስብሰባ ሊጠሩኝ ሲመጡ በር ላይ ያስቀሯቸው ነበር። «አራስ አለች» ይሏቸዋል፣ በቃ። በዚያ ዘመን የቀበሌን ሰው በሁለት ቃል የመለሰ ሌላ ሰው አላየሁም።

ቅቤው ግን ለእኔ ብቻ አልነበረም። በየማለዳው በጣታቸው ጫፍ ጨለፍ አድርገው ልጄን ያውጧታል፤ አንጀቷ እንዲለሰልስ ነው። ጠያቂ ሴት በመጣች ቁጥር ደግሞ እሷም ለበረከት ትንሽ ትጨምርላታለች።

«እማማ፣ ሐኪም ቤት ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጫት ብለውኛል» አልኳቸው።

«ሐኪሙ ስንት ወልዷል?»

ካድሬው ትዝ አለኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ልጄ መሳል ጀመረች። የጠባችውን ታስመልሳለች፤ ስታለቅስ ድምፅዋ ይሻክራል። ጠያቂዎቼ መጋረጃው አጠገብ ተሰበሰቡ። በዚህ ስብሰባ ጥያቄ በመጨረሻም አልነበረም፤ ሁሉም መልስ ይዞ ነው የመጣው። እንጥሏ ወርዷል። ካልተቆረጠ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ቆራጩ እዚያው እንጦጦ፣ የአማቴ ጎረቤት ናቸው፤ እጃቸው መድኃኒት ነው፤ ቅዳሜ ይምጡ።

እንጥልን አውቃታለሁ። ለአራተኛ ክፍል ልጆች የአፍ ሥዕል ስሥል ከላንቃው ጫፍ ላይ የማንጠለጥላት ትንሽ ሥጋ ናት፤ ማንንም ስትበድል አላየሁም። መቁረጡንም አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ ሕፃን እንጥሉ ከተቆረጠ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል። ለቅሶው ላይ ተቀምጫለሁ። የመጣው ሰው ሁሉ «ጊዜው ደርሶ ነው» ይል ነበር። ከጊዜው ጋር አብሮ ስለደረሰው ብረት ግን ያነሣ ሰው አልነበረም።

«አይሆንም» አልኩ።

አማቴ ገንፎውን ማገንፋት አላቆሙም። «እኔም አስቆርጫለሁ። ይኸው ባልሽ፤ ምን ጎደለው?»

የጎደለውን መዘርዘር ይቻል ነበር፤ አራስ ነኝ ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ ጋዜጣው ላይ አቀርቅሯል። በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስለ ጎጂ ልማዶች ሲናገር ይጨበጨብለታል። እናቱ ፊት ግን አብዮቱ ገና አልፈነዳም።

«አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«እማዬ ታውቃለች» አለና ገጽ ገለበጠ።

ከዚያ በኋላ ልጄን ከእቅፌ አላወረድኳትም። ጓሮ ስወጣ እንኳ በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው ያንን ቢላዋ ይዤ ነው። አማቴ ከአጋንንት የምጠብቃት መስሏቸው ደስ አላቸው፤ ምክራቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ፈርቼ ነበር። ስትስል ፈራሁ፣ ሳትስል ስትቀርም ፈራሁ፤ አንዳንዴማ እነሱ ልክ ቢሆኑስ ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደጅ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ስሰማ እንጥሌ ዱብ አለ። ቆራጩ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ንግግራቸው የታረመ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሊቆርጡ ሳይሆን ሊያስታርቁ የመጡ ይመስላሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ብረታቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከባለቤቴ ጋዜጣ አጠገብ አስቀመጡት። አማቴ ለእኔ የተሠራውን ገንፎ፣ መሐሉን አጎድጉደው ቅቤውን ሞልተው አቀረቡላቸው። መቼም ጎጂ ልማድ ባዶ ሆድ አይሠራም።

ባለቤቴ ልጅቷን ሊወስድ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

«አልሰጥህም።»

«ምን ሆነሽ ነው? አንድ ደቂቃ ነው እኮ። እኔም ተቆርጫለሁ፤ ይኸው ምን ሆንኩ?»

«አሳየኝ እስቲ» አልኩት።

«ምኑን?»

«የተቆረጠበትን። አፍህን ክፈት።»

ልጅቷን በቶሎ እንድሰጠው ብሎ ይመስለኛል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አፉን ከፈተ። መብራት በጠፋ ቁጥር የምንጠቀምበትን ባትሪ አበራሁበት። ሲጋራ ካጠቆረው ጥርሱ ጀርባ፣ ከላንቃው ጫፍ ላይ፣ እንጥሉ ተንጠልጥላለች። ሙሉ ናት፤ ጤነኛ ናት፤ ሲተነፍስ ትወዛወዛለች። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደዚያ አሳምሬ ሥያት አላውቅም።

«እማማ፣ እስቲ አንዴ ይምጡ» ብዬ ተጣራሁ።

አማቴ ማማሰያውን እንደያዙ ገቡ። ባትሪውን፣ የልጃቸውን የተከፈተ አፍ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ወደ አፉ ውስጥ ግን አላዩም። ጠጋ አሉና አገጩን በመዳፋቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው አፉን ገጠሙት።

«ዝጋ» አሉት ቀስ ብለው። «ሰው ያያል።»

ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። ከመጡ ጀምሮ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«ከእሱ በፊት ሁለት ነበሩኝ» አሉኝ። «ሁለቱም ወንዶች ናቸው። የቆረጣቸው የዚህ ሰውዬ አባት ነው። ጭንቅላታቸውን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ አፋቸውን ፈልቅቄ። አንዱ በማግስቱ ሄደ። ሌላው ደግሞ ትንሽ ቆየ፤ እሱ ይባስ ነበር።»

ባለቤቴ ወንድሞች እንደነበሩት አያውቅም ነበር። አፉ እንደገና ተከፈተ፤ አሁን ያዘዘው ሰው የለም።

«እሱ ሲወለድ አባቱ ቆራጩን ጠራ። እኔ ጨርቅ ላጥብ ብዬ ወንዝ ወረድኩ፤ ታቅፌው ባሕር ዛፍ ውስጥ ዋልኩ። ስመለስ ወደ ገበያ የሚያልፍ ቆራጭ ቆረጠልኝ አልኩ። አመኑኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አፉን አላየሁም። በሳለ ቁጥር በእኔ ነው እላለሁ። ጉንፋን ሲይዘው በእኔ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሚስት አግብቶም።»

«ታዲያ ልጄን ለምን?» አልኳቸው።

«እሱን ሳላስቆርጥ አመለጥኩ። ሁለተኛ የማመልጥ መሰለሽ?» አሉ ልጄን እያዩ። «ስትስል ስሰማ፣ ይኸው መጣ፣ የዚያን ጊዜውን ሊያስከፍለኝ ነው አልኩ።»

ለቀናት ያጠራቀምኩት ንዴት ነበረኝ። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ልጄን ዘረጋሁላቸው፤ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፏት፤ እኔም እንዳይወስዷት አልፈራሁም።

ሳሎን ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ኧረ ሕፃኗን አምጡልኝ፤ ጉርድ ሾላ ሌላ ልጅ ይጠብቀኛል» አሉ።

አማቴ ልጅቷን መለሱልኝ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ድምፃቸው ላይ እንባ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ምን ላድርግ ብለው ነው፤ ለካ ሐኪም ቤት እንደተወለደች ቆርጠዋታል። እነዚህ ልጆች ገና አሁን ነገሩኝ።»

«ሐኪም ቤትም ጀመሩ?»

«አብዮት አይደል? የማይጀምሩት ነገር አለ?»

ሽማግሌው በዘመኑ ተገርመው ገንፏቸውን ጨረሱ። አማቴ ስላደከሟቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ቅሉን ከነተረፈው ቅቤ አስያዟቸው። መርቀውን ሄዱ። ብረታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሲከቱ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ጉርድ ሾላ የሚጠብቃቸው ልጅ እናት ባትሪ ይኖራት ይሆን ብዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ቅቤው ከቤት በወጣ በቀናት ውስጥ ሳሉ ልጄን ተዋት። የጠባችው ሆዷ ውስጥ መርጋት ጀመረ፤ ጉንጯ ሞላ። ጠያቂዎቼ ይህን አይተው አንድ ነገር ብቻ ገባቸው። «አየሽ፣ ተቆርጣ ዳነች! አንቺ ደግሞ እምቢ ስትይ» አሉኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር የሐኪም ቤቱን እንጥል ቆረጣ እንደ አብዮቱ ፍሬ በስብሰባ ላይ አነሣችው፤ ተጨበጨበ። ካድሬውም ያጨበጨበ ይመስለኛል፤ ምጥ አልነበረማ። አማቴ የጠየቃቸውን ሁሉ ፊታቸው ሳይለወጥ «ተቆርጧል፣ ተመስገን» ይሉ ነበር። ውሸት እንደዚህ ያለ ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ልጄ ክርስትና ከተነሣች በኋላ አማቴ ወደ እንጦጦ ሊመለሱ ተነሡ። ጠዋት ነው፤ መስኮቱ ከተከፈተ ቆይቷል፤ ቢላዋውም ወደ ሽንኩርቱ ተመልሷል። ደጃፉ ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ ባለቤቴ አህያውን እየጫነ ነበር።

«ና እስቲ» አሉት። «እዚህ፣ ወደ ፀሐዩ።»

መጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ።

«አፍህን ክፈት።»

ያ ጢማም የመንግሥት ሠራተኛ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ደጃፍ ላይ፣ አንድም ቃል ሳይመልስ አፉን ከፈተ። አገጩን ያዙት። አንገታቸውን አዘንብለው፣ ፀሐዩ እንዲገባ ፊቱን ወደ ጎን መለስ እያደረጉ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔ ልጄን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«የወንድሞችህም እንዲህ ነበረች» አሉ። «ልክ እንዲህ። ምንም አልነበራትም።»

ባለቤቴ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አፉን ሊገጥም ሲል አገጩን አጥብቀው ያዙት።

«ቆይ» አሉት። «አትዝጋ።»