ሽርጥ ለብሶ ሚክሰር መንካት ክልክል ነው

ደንቡን ያመጣብን ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት መሐንዲስ ነው። እኔ ያኔ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ምስማሩም ሲሚንቶውም በእኔ እጅ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሄልሜቶቹን ያደልኩትም እኔ ነኝ። መሐንዲሱ የሥራ ላይ ደህንነት ተቆጣጣሪ ተብሎ መጣና ሁለት ገጽ ሙሉ ክልክል የግቢው በር ላይ ለጠፈ። ሄልሜት ሳያደርጉ መግባት ክልክል። በነጠላ ጫማ መሥራት ክልክል። ነፋስ ሲበረታ ፎቅ ላይ መውጣት ክልክል። ይሄኛውን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ጅጅጋ ላይ ነፋስ ካልነፈሰ ሰው "ዛሬ ምን ሆነ?" ብሎ ከቤቱ ይወጣል።

እውነቱን ልናገር፣ ደንብ አልወድም። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ጅጅጋ ነው። አባቴ ጋራዥ ውስጥ በነጠላ ጫማ ሠርቶ ነው ያሳደገኝ፤ አንድ የእግሩን ጥፍር ከማጣቱ በቀር ምንም አልሆነም። "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" እያልኩ ተቆጣጣሪውን ለሰማኝ ሁሉ አማሁት። ሠራተኛውም ከእኔ ጋር ነበር። ሄልሜቱ በታደለ በሦስተኛው ቀን ግማሹ የውዱእ መታጠቢያ ውሃ መቅጃ ሆነ። አንዱ ግንበኛ ጭራሽ ቲማቲም ገዝቶበት ሲመለስ ተቆጣጣሪው በር ላይ አገኘው። የዚያን ቀን ተቆጣጣሪው ራሱ ሳቀ።

ነገሩ የከረረው አዴር ላይ ሲደርስ ነው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ አርማታ ማቡኪያውን ሚክሰር የሚያንቀሳቅሱትን ሽማግሌ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ የሚክሰሩን ድምፅ ብቻ ሰምተው አርማታው ውሃ እንዳነሰው የሚያውቁ የሐርተሼክ ሰው ናቸው። ሱሪ ግን አይለብሱም። ልብሳቸው ሽርጥ ነው፣ አለቀ። ደንቡ ደግሞ ሽርጥ ለብሶ ሚክሰር መንካት ክልክል ነው ይላል፤ ሦስት ጊዜ የተገኘ ይሰናበታል። አዴር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ተጻፈባቸው። ሦስተኛው ከተጻፈ በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው አልነበረም።

"አዴር፣ ቱታ ልስጥዎት። እሱ ሲመጣ ብቻ ይለብሱታል" አልኳቸው።

"ሱሪ ያፍነኛል" አሉ። "ሰው በሱሪ እንዴት ይቀመጣል?"

ተከራክረን ተስማማን። ከመጋዘኔ በሩ ስለሚታይ ተቆጣጣሪው ብቅ ሲል እኔ አፏጫለሁ፤ አዴር ከሚክሰሩ ጀርባ ሆነው የቱታውን ሱሪ ከሽርጡ ሥር ያጠልቁና ሽርጡን ይፈታሉ። ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራልን። ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር አዴርን በቱታ ያገኛቸዋል፣ ያመሰግናቸዋል። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ምስጋናውን ይቀበላሉ። እኔ መጋዘን ውስጥ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ረፋድ ተቆጣጣሪው ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ በባጃጅ ከተፍ አለ። ደንግጬ ደጋግሜ አፏጨሁ። አዴር ሚክሰሩን ለማጥፋት ጊዜ አላገኙም። አንድ እግራቸውን ሱሪው ውስጥ ከተው ሌላውን ሲያስገቡ የላላውን ሽርጥ ነፋሱ አነሳው፤ የሚክሰሩን ከበሮ የሚያዞረው የብረት ጥርስ ጫፉን ያዘና ጎተተ። አዴር በአንድ እግራቸው ሁለቴ ዘለሉ። ሽርጡ ከወገባቸው ተመዞ ሄደና እሳቸው አሸዋው ክምር ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ሚክሰሩ ጨርቁን ጎርሶ፣ ታንቆ፣ አጉረምርሞ ቆመ።

አዴር ሱሪው ጉልበታቸው ላይ እንደተሰበሰበ፣ በነጭ ቁምጣ ተቀምጠው እግሮቻቸውን ዳበሱ። ከዚያ "ሁለቱም አሉ!" ብለው ጮኹ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ውሃ የሚያመላልሱት ሴቶች ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ተንፈራፈሩ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አወጣ። ሦስተኛውን ሊጽፍ ሲል "እኔ ላይ ጻፈው" አልኩትና ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሰደበኝ፣ ደግሞም ልክ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ለእኔ ጻፈ። አዴርን ግን "ነገ ከቤትዎ ሱሪ ለብሰው ይምጡ፤ አለበለዚያ አይምጡ" አላቸው። የሽርጡን ደንብ የዚያን ቀን ተቀበልኩ። ከነፋሱ ደንብ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅንም።

በማግስቱ አዴር በሰዓታቸው አልመጡም። ሚክሰሩ ቆሞ፣ ሁላችንም በሩን እያየን ረፈደ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ከፊት፣ አዴር ሱሪ ለብሰው አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ብቅ አሉ። ባለቤታቸው ገበያ ላይ ወተት ሲሸጡ የኖሩ ናቸውና አማርኛቸው ከአዴር ይሻላል። በቀጥታ ወደ ተቆጣጣሪው ሄዱ። ጠብ መጣ አልን።

"ሱሪ ያስለበስከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ሠላሳ ዓመት ለመንኩት። በሽርጡ ጠንቅ ከግመል ወድቋል፣ ከጭነት መኪና ወድቋል፣ እኔን አይሰማም። ሌላስ ምን ክልክል አለህ?"

በሩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አነበበላቸው። "ጫት አለበት?" አሉ። የለበትም አላቸው። "ጻፈው!" አሉት። አዴር "ወላሂ ሥራውን ትቼ እሄዳለሁ!" ብለው ሲጮኹ ተቆጣጣሪው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከዚያ ባለቤታቸው ወደ እኔ ዞሩ። "በሩን እያየ የሚጠብቀኝ ጓደኛ አለኝ ይለኛል። አንተ ነህ?" ብለው ዱዓ አወረዱልኝ። ያ ዱዓ ከተቆጣጣሪው ስድብ የበለጠ አቃጠለኝ። አዴር ምንም እንዳልነገሯቸው ገባኝ። ስለዚህ የምጠብቀው እሳቸውን ሳይሆን የተቆጣጣሪውን መምጣት እንደነበር እኔው ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ ሳቃቸው መጣ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉና "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እሱን ራሱን ጠብቀው" አሉኝ። "ማታ ቤት የምፈልገው ሙሉ ሰው ነው።"