ከብርጭቆው ማን መጣ

አጎቴ በሕይወት ሳሉ ቀይ ወይን ሲቀምሱ ጣዕሙን አይነግሩንም ነበር፤ ማን እንደመጣ ነበር የሚነግሩን። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዓባይ ማዶ በነበረው ቤታቸው፣ ያ የድሮ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ በድጋሚ ሲታይ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋሉ። ድራማው በአንድ ግቢ ተከራይተው ስለሚኖሩ ሰዎች፣ ስለ አከራያቸው፣ ስለ አንዲት አማትና ስለ ግቢው ዘበኛ ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ ፉት ይሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወይኑ ከኮመጠጣቸው «አከራዩ መጣ» ይላሉ። መጀመሪያ ጣፍጦ መጨረሻ ላይ የሚመር ከሆነ ደግሞ «አማቲቱ ናት፤ ስትገባ ስማ ስትወጣ ትቆነጥጣለች» ይላሉ። ለስላሳው ወይን የግቢው ዘበኛ ነው። ሁለተኛ ብርጭቆ የሚቀዱት እሱ ሲመጣ ብቻ ነበር።

በፆም ወራት ወይን አይነኩም፤ ድራማውን ውሃ ይዘው ያያሉ። ማን መጣ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ዛሬማ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» ይሉኛል።

አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ ባለቤታቸውን እትዬን ልጠይቅ ሄድሁ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀርቶ ቤቱ ጭር ብሏል። ድራማው ተከፍቷል። አጎቴ ሳይከፍቱት የቀረውን የወይን ጠርሙስ እትዬ አውጥተው በአጎቴ ብርጭቆ ቀዱ። ከዚያ በፊት ወይን ቀምሰው አያውቁም። ፉት አሉና ልክ እንደ ባላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማን መጣ፣ እትዬ?» አልሁ።

በቴሌቪዥኑ አከራዩና አማቲቱ ይጨቃጨቃሉ፤ ዘበኛው ይስቃል።

«ማንም አልመጣም» አሉኝ፤ ብርጭቆውንም ከባዶው ወንበር አጠገብ አስቀመጡት።