ፋጡማ ማሽኑን የጠየቀችው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጻፈችውን የፕሮግራም መጫኛ አሳየችኝ። መጫኛው ገና ሲነሳ የኮምፒውተሩን ሲስተም ቨርዥን፣ ስንተኛው እትም እንደሆነ፣ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ካነሰ «አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ላርማት አፌን ስከፍት ሮቤ ከተማ ትዝ አለችኝ።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሮቤ ላለ ኮሌጅ መምህር ሆኜ ተመድቤ የሄድኩት። ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር፤ ጉራዬም እንደዚያው። ሰኔ ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መስኮታችን ሥር ይተኛል፤ ከሰዓት ፀሐይ ብልጭ ስትል የገብሱ ማሳ ሁሉ ይጨሳል። ያን ዓመት ዛሬም በእንቅልፍ ልቤ ያየሁት ይመስለኛል። የጎባ መንገድ ጭቃ ግን እውነት ነበር፤ ስንት ሚኒባስ ገፍቼበታለሁ።

የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ፋጡማ የምትባል የሮቤ ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር። ያላት ዲፕሎማ ነው፤ የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ኮንትራቷ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፤ ቋሚ መሆን አለመሆኗም የሚወሰነው በዚያው ሰሞን ነበር። «ካልቀጠሩኝ አባቴ ሱቅ ውስጥ ያስቀምጠኛል» ትለኛለች እየሳቀች። ዓይኗ ግን አይስቅም።

እኔ የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ኮምፒውተሮቻችን በእርዳታ ከየአገሩ የተለቃቀሙ ናቸው፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። የኔ መጫኛ ቁጥር እያየ ግማሾቹን አባረረ። አንዱን ደግሞ ቁጥሩ አዲስ ነው ብሎ አሳለፈውና፣ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሦስት ቀን ታገልኩ።

በአራተኛው ቀን ፋጡማ ከቤቷ የገብስ ጭኮ ይዛ መጣች፤ ቅቤው ገና ይሸታል። ቆርሳ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«መምህር፣ ለምን ዕድሜውን ትጠይቀዋለህ?»

«ታዲያ ምን ልጠይቀው?»

«አባቴ ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ ብቻ አይወስድም። ጭኖ ወንዝ ያሻግረዋል። ከተሻገረ፣ በቃ፣ ፈረስ ነው።»

ከዚያ ጣቷን ጠርጋ አሥር መስመር የማትሞላ ሙከራ ጻፈች። ሙከራዋ ቁጥር አይጠይቅም፤ ፕሮግራሜ የሚፈልጋትን ያችን አንዲት ሥራ ማሽኑን ያሠራዋል። ከቻለ ይቀጥላል፤ ካልቻለ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ለካ አሮጌ ያልኳቸውን አንድ ሰው ቁጥራቸውን ሳይነካ አድሷቸው ኖሯል። በአዲሱ ላይ ደግሞ ያቺ ሥራ ጭራሽ አልተካተተችም። ሳይመሽ ሁሉም ሠሩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ፋጡማ፣ ቀስ ብላ።

በማግስቱ አለቃችን አዩና «ጎበዝ!» አሉኝ። እኔን ነው እንግዲህ። የማን ሥራ እንደሆነ አልተናገርኩም።

«ያቺን ልጅ ቋሚ ልናደርጋት አስበን ነበር። ለመሆኑ ምን አላት?»

«ዲፕሎማ» አልኳቸው።

«መደቡ የሚለው ዲግሪ ነው» ብለው ፋይሏን ዘጉት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ነቀዘ። አፈርኩ፤ ግን ተመልሼ ገብቼ እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ሰኔ ሠላሳ ፋጡማ ቁልፏን ልታስረክብ መጣች።

«ምን እንደምችል ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንተስ አልነገርካቸውም?»

ቁልፉን ከእጇ ተቀበልኩ። «ነጋቲ፣ መምህር» ብላ ተሰናብታኝ በጉሙ ውስጥ ወደ ገበያው ቁልቁል ሄደች።

ባልደረባዬ አሁንም አፌን ታያለች። «ቁጥሩን ተዪው፤ ሥራውን አሠሪውና እዪው» አልኳት።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ፋጡማ» አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስጠየቅ ራሴ የደረስኩበት ነው እል ነበር።