ያልማልኩት መሐላ

ቤታችን ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ ነው። ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም፤ ሰው አቅሙ እስከደረሰበት ይከድንና ቀሪውን ለፈጣሪ ይተወዋል። የእኛ ግን ለፈጣሪ የተተወ ሳይሆን ለቀለብ የሄደ ነው። ከደመወዜ ላይ የልጅ ቀለብ መቆረጥ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የልጅቷ አባት እኔ ልሁን ሌላ ሰው፣ አላውቅም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ከሰቆጣ ወዲያ ባለው ዝቋላ ወረዳ ነው፣ ፍየል ስከትብ። እዚያ ገበያው ዳር ትንሽ ምግብ ቤት የነበራት ሴት ነበረች። ሽሮዋ ጥሩ ነበር፣ ሳቋም ጥሩ ነበር፤ እኔ ወንደላጤ፣ እሷም ብቻዋን፣ የሆነው ሆነ። በዚያው ሰሞን እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር እሷ ዘንድ ያድር እንደነበር አውቃለሁ። እሷም አልደበቀችኝም። ሹፌሩ አንድ ቀን በአፋር በኩል እንደወጣ ቀረ፤ እኔ ወደ ሰቆጣ ተዛወርኩ። ልጅ ስትወለድ ደመወዝ ያለኝም፣ መሥሪያ ቤቴ የሚታወቀውም እኔ ነበርኩ።

ተከሰስኩ። ዳኛው ሁለታችንንም ሰማና አባትነትን የሚለየው የደም ምርመራ የሚሠራው አዲስ አበባ መሆኑን ነገረን። የሦስት ሰው መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ የምርመራው ክፍያ... እኔ ጀማሪ ሠራተኛ፣ እሷ ገና ከአራስ ቤት የወጣች። ማን ይከፍላል? ዳኛው አቅማችንን አይቶ «በሽማግሌ ሞክሩትና ተመለሱ» አለን።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ በኽምጣንጋ ቋንቋ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። የደሃና ወረዳ ልጅ ነኝና ቋንቋውን እሰማለሁ። አንደኛው «የዝቋላን ግልገል ሁሉ ከየትኛው ወጠጤ እንደመጣ ይለያል፤ የራሱን ሲሆን ጠፋው?» ሲል ሌሎቹ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሥርዓቱ አጭር ነው። ልጅ የእኔ አይደለም ያለ ወንድ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ይምላል። ከማለ ነጻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አፉን አይከፍትበትም። ካልማለ አባት ነው።

«በል ልጄ፣» አሉኝ በዕድሜ ትልቁ፣ «በሩን ያዝና የእኔ አይደለችም ብለህ ማል። እኛም እንገላገል።»

«አባባ፣ የእኔ ትሁን አትሁን አላውቅም።»

«እንግዲያው ያንተ ናት?»

«አላውቅም አልኩዎት እኮ። ካስፈለገም አላውቅም ብዬ ልማል።»

«አላውቅም ተብሎ አይማልም፤» አሉ ሳይቆጡ። «ሰው የሚምለው በሚያውቀው ነው።»

እኔ የተማርኩ ነኝ። በሐሰት የማለ ሰው ከብቱ ያልቃል ሲባል በሆዴ እስቃለሁ፤ ከብት የሚጨርሰውን በሽታ እያንዳንዱን በስሙ አውቀዋለሁና። እጄ ግን ወደ በሩ አልሄደም። እግዜርን ፈርቼ ነው ብል ጥሩ ነበር፤ አይደለም። እውነት ይሁን ውሸት የማላውቀውን ነገር በምን አፌ እምላለሁ? ሴትየዋ የእሱ ናት አላለችም፣ አይደለችም አላለችም፤ ፀሐይ እንዳይነካት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፣ በቃ። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሽማግሌው «አልማለም» ብለው ተነሡ፣ ዳኛውም የእነሱን ቃል አጸደቀ። አባት የሆንኩት እንደዚህ ነው።

«እናት እውነት፣ አባት እምነት» ይባላል። እኔ ዘንድ እምነቱ አልመጣም፤ የመጣው የደመወዝ ቅነሳው ነው። መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር። ንዴትም እንደ ሰው ቀለብ ይፈልጋል መሰለኝ፣ የምቀልበው ሳጣ ትቶኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደነዘዝኩ። ደመወዝ ስቀበል የጎደለውን አይቼ አልፋለሁ። ስለ ልጅቷ ስጠየቅ «ደህና ናት አሉ» እላለሁ።

በኋላ ያገባኋት ባለቤቴ ነገሩን ሁሉ ሰምታ ነው የመጣችው። የነገረችኝ አንድ ብልሃት ነው። «የሚቆረጠውን እንዳልተፈጠረ ቁጠረው፤ ያልነበረ ነገር አይጎድልም።» በዚህ ብልሃት ኖርን። ቅዳሜና እሑድ በየመንደሩ እየዞርኩ ወይፈን እየቀጠቀጥኩ አኮላሻለሁ፣ የታመመ አክማለሁ፤ ክፍያው ግማሹ በብር፣ ግማሹ በእንቁላልና በማር ነው። እሷ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ሁለት ልጆች ወለድን። ቤቱን አቆምንና ቆርቆሮው መሐል ላይ አለቀ።

በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ ደመወዝ የተቋረጠ ጊዜ ቅነሳውም አብሮ ቆመ። ደስ አለኝ ወይም ከፋኝ ልል አልችልም። ባለቤቴ ግን በስንት መከራ ካገኘነው ማሽላ ላይ የእኛን ከማስቀመጧ በፊት ለልጅቷ ሰፍራ ለየች፣ ከዝቋላ በመጡ ገበያተኞች አህያ ላይም አስጫነች።

«አሁን እኮ ማንም አልጠየቀንም፤» አልኳት።

«የተዘጋው መንገድ ነው። ሆድ ተዘጋ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ልጅቷ ለትምህርት ሰቆጣ መጣች። እናቷ ዐረብ አገር ሄዳ ስለነበር ቀለቡን ራሷ ከእጄ እንድትቀበል ተስማማን። ከሌሎች የገጠር ተማሪዎች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ የቀለቡ ግማሽ ለኪራይ ይሄዳል። ባለቤቴ ሸራውን ቀና ብላ እያየች «ይሄ ጎን ቢከደን እዚሁ ታድር ነበር፤ ኪራይም ባላወጣች» ትላለች። እኔ ያልሰማሁ እመስላለሁ።

በየወሩ የስንቅ ከረጢቷን ይዛ ስትመጣ ሳላስበው አያታለሁ፣ ሊሸጥ የቀረበ ከብት እንደማይ። ጆሮዋን፣ ጣቷን፣ አረማመዷን። ባለቤቴ አንድ ቀን «ጣቷ ቁርጥ ያንተ ነው» ትለኛለች፣ በሚቀጥለው ወር «ምኗም አንተን አይመስልም» ትላለች። ልጆቼ አንተ ይሉኛል፣ እሷ እርስዎ ትለኛለች። ምንም አይሰማኝም ነበር። እንዲሰማኝ ግን እፈልግ ነበር፤ ያ ራሱ ስሜት ከሆነ፣ እሱ ብቻ ነበረኝ።

ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ሸራውን ለማንሳት ብዬ ከቅዳሜና እሑዱ ሥራ ጥቂት አጠራቅሜ ነበር። ገንዘቡ እጄ ሲገባ ሐሳቤ ተለወጠ። አዲስ አበባ ሄጄ ቁርጡን ልወቅ አልኩ። ከሆንኩ አባት ልሁን፣ ካልሆንኩም ይለይልኝ። እናቷ በስልክ «ከፈለገ ይሁን» ብላ ዘጋችው። ባለቤቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች። ተከራከርኳት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነና ተውነው።

ልጅቷ ስትመጣ አስቀምጬ ነገርኳት። ነፋስ ነበር፣ ሸራው ከላያችን ይንፈራፈራል። ትምህርት ሲዘጋ አብረን አዲስ አበባ እንደምንሄድና ሁለታችንም ደም እንደምንሰጥ አስረዳኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«እናቴ ነግራኛለች፤» አለች። «በሩን አልይዝም ብለዋል አሉ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ስለማላውቅ።»

ከረጢቷን ወደ ራሷ ሳበች።

«አባቴ አለመሆንዎን ቢያውቁ ኖሮ ይምሉ ነበር?»

ያን ዕለት በበሩ ፊት መዋሸት ያቃተኝ ሰው፣ እሷ ፊት ውሸቱን ከየት ላምጣው?

«እምል ነበር፤» አልኳት።

«እንኳንም አላወቁ።»

ይህን ያለችው የከረጢቷን አፍ እያሰረች ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የወሩን ብሯን ተቀበለች፣ ባለቤቴ ያዘጋጀችላትን በርበሬ ከረጢቱ ጎን ሸጎጠች፣ «ደህና ይዋሉ» ብላ ወጣች። እስክትሰወር በዓይኔ ሸኘኋት፤ ያን ቀን ጆሮዋንም ጣቷንም ማየት ረሳሁ።

ባለቤቴ በርበሬ እየለቀመች ከወዲያኛው ጥግ ሁሉንም ሰምታለች።

«ታዲያ መቼ ነው የምትሄዱት?» አለችኝ።

«ቆርቆሮ አሁን ስንት ገባ?» አልኳት።