ውሃው ሳይፈላ የማይቆረጥ በቆሎ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር መንገድ ዳር ከተቀመጠች ልጅ የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ። ገና ስቀምሰው ዱቄት ዱቄት አለኝ።

«መቼ የተቆረጠ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አባባ ደግሞ! በቆሎ ሰዓት ይቆጥራል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ይቆጥራል እንጂ! እኔ ነኝ የማውቀው።

አባቴ ጋምቤላ ተመድቦ ከደብረ ማርቆስ በመጣን በዓመቱ እናቴን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ቢለቃትም እህል እምቢ አለች። ሾርባ ሲሏት፣ ገንፎ ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አጥንቷ ብቻ ቀረ። ሐኪሙም «ካልበላች ትሞትባችኋለች» አለን፤ እንዲህ በግልጽ።

አንድ ቀን «እሸት በቆሎ አማረኝ» አለች። ያኔ ጎረምሳ ነኝ፤ ገበያ በርሬ ገዝቼ ቀቀልኩላት። አንዴ ነክሳ ተፋችው።

«ይሄ ገለባ ነው።»

ጎረቤታችን አሪያት ይህን አየች። አኙዋክ ናት፤ የባሮ ወንዝ ሲጎድል በሚተወው መሬት ላይ በቆሎ ትዘራለች። «በቆሎ ከተቆረጠ ስኳሩን ራሱ ይበላል» አለችኝ። «እኛ መጀመሪያ ውሃ እናፈላለን። ከዚያ እንቆርጣለን።»

«እሺ፣ ሲበስል እኔ ሮጬ ላምጣላት።»

«አይሆንም። እዚያው ማሳው ላይ ትብላ። እሷን ውሰዳት።»

አባቴ «በዚህ ሙቀት? ልትገድሏት ነው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ግን ከአልጋዋ ቀና ብላ «ልሂድ» አለች።

ከነወንበሯ ተሸክመናት ወደ ወንዙ ወረድን፤ ማንጎ ጥላ ሥር አስቀመጥናት። ድስቱ ሲንተከተክ አሪያት በኢየሱስ ስም ጸለየች፤ እናቴም አማተበች። ከዚያ አሪያት በቆሎውን ከአገዳው ገንጥላ፣ ልጣ፣ ወዲያው ከተተችው። ሲበስል እናቴ ተቀብላ ነከሰች። ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። የእሸቱ ውሃ በአገጯ ወረደ።

«ሌላ» አለች።

አባቴ ወደ ወንዙ ዞሮ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል!

ኋላ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት፣ የተቆረጠ አትክልት ወዲያው አይሞትም። ይተነፍሳል፣ ያጠራቀመውን ይበላል፤ በቆሎ ደግሞ ጣፋጩን ወደ ዱቄት ይለውጣል፤ ሙቀት ሲሆን ይብሳል። አስተማሪው ይህን ሲል እኔ የማስበው እናቴን ነበር። ከወገኖቿ ተቆርጣ መጥታ፣ እዚያ አልጋ ላይ ራሷን ስትበላ ነበር የከረመችው።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ «እንግዲህ አገራችን እንግባ» አላት።

«የምን አገር?» አለችው። «እኔ አገሬ ላይ ነኝ።»

ሁለቱም እዚሁ ተቀብረዋል። እኔም በየሳምንቱ መቃብራቸውን አይቼ፣ በእግሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።